ከአማርኛ ዜና ስሞችን በስክሪፕት መልቀም፦ ለማን የቱ መንገድ ይሻላል?

ጅማ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ አለ። የቡና ዜና ሰብስቦ የትኛው ወረዳ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ማወቅ የሚፈልግ የላኪ ድርጅት ሠራተኛ አለ። የቆዩ ዜናዎቹን በሰውና በቦታ ስም መደርደር የፈለገ ጋዜጠኛም አለ። የሚፈልጉት አንድ ነው፦ ዜናው ውስጥ ያሉትን የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች፣ ከተቻለም ቀኖቹን፣ ኮምፒውተሩ ለቅሞ በዝርዝር እንዲያወጣላቸው።

ዛሬ ለዚህ ሥራ አራት መንገድ አለ። አንደኛው የስም ዝርዝርና ደንብ ጽፎ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) በተሠራ ስክሪፕት፣ ማለትም በአጭር ፕሮግራም፣ መፈለግ ነው። ሁለተኛው ዜናውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በእንግሊዝኛ መሣሪያ መልቀም። ሦስተኛው በአማርኛ ዳታ የሠለጠነ ሞዴል፣ ማለትም ስሞቹ ከተለዩባቸው ምሳሌዎች የተማረ ፕሮግራም፣ መጠቀም። አራተኛው እንደ ቻትጂፒቲና ጀሚኒ ያሉትን ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች በኤፒአይ፣ ማለትም ስክሪፕቱ በኢንተርኔት በቀጥታ በሚያናግራቸው መንገድ፣ መጠየቅ። የቱ ይሻላል የሚለው እንደ ሥራው ይለያያል። አንድ ምክር ግን ለሁሉም ይሆናል፦ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ከራሳችሁ ዜና 200 ያህል ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ ስሞቹን በእጃችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ያ ፋይል ከሌለ ምርጫው ሁሉ ግምት ነው።

አንዷን ዓረፍተ ነገር ጠጋ ብለን እንያት

ለምሳሌ እንዲሆን ያዘጋጀኋት ናት፦

«የጎማ ወረዳ አስተዳዳሪ አቶ ተስፋዬ መስከረም 12 ቀን በአጋሮ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ስለ ቡና በሽታ ተወያዩ፤ ጅማሬው ጥሩ ነው ሲሉም ተናግረዋል።»

የአካባቢው ሰው ሳያስብ አምስት ስም ያወጣል፦ ጎማ ወረዳ፣ ተስፋዬ፣ መስከረም 12፣ አጋሮ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዷ ቃል ፈተና ናት። በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ብዙውን ጊዜ ስምን በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ «ጎማ» የጅማ ዞን ወረዳ ነው? የመኪና ጎማ ነው? ወይስ የኮንጎዋ ጎማ ከተማ? ሦስቱም ዜና ላይ ይመጣሉ። «መስከረም» ወር ነው ወይስ የሴት ስም? «ተስፋዬ» ሰው ነው ወይስ «የኔ ተስፋ» ማለት ነው? ሰላም፣ ደስታ፣ ብርሃኑ፣ ፀሐይ ሁሉም ስም ሆነው ደግሞ ተራ ቃል ናቸው።

ሌላው ጣጣ ቅጥያው ነው። ዜና ላይ ብቻውን የቆመ «ጅማ» ብዙም አታገኙም። በጅማ፣ ከጅማ፣ የጅማ፣ ለጅማ፣ ጅማን፣ ጅማና እያለ ነው የሚመጣው። የመንገዶቹ ልዩነት ከሁሉም በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የስም ዝርዝርና ደንብ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ጽሑፉ ውስጥ «ጅማ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት በመፈለግ ነው። ይህ «ጅማሬው»ንም፣ የጤና ዜና ላይ ያለውን «ጅማት»ንም ይለቅማል። ሙሉ ቃል ሲሆን ብቻ ፈልግ ካላችሁት ደግሞ ከላይ የዘረዘርኳቸው ቅጥያ ያላቸው ሁሉ ያመልጡታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ከቃሉ መጀመሪያ «በ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ለ»ን መንቀል ነው። ጅማ አካባቢ ይህ ወዲያው ያስቸግራል። በደሌ «ደሌ» ትሆናለች። ከፋ «ፋ» ብቻ ይቀራል። የም «ም» ይሆናል። ሰው ላይም እንደዚያው ነው፤ በቀለ፣ ከበደና ለማ የሚባሉ ሰዎች ስማቸው ይቆረጣል።

እኔ የምመርጠው ተቃራኒውን ነው። ከጽሑፉ ከመንቀል ዝርዝሩን ማባዛት ይሻላል። ለእያንዳንዱ የቦታ ስም ስክሪፕቱ ራሱ በአጋሮ፣ ከአጋሮ፣ የአጋሮ፣ ለአጋሮ፣ ወደአጋሮ፣ አጋሮን፣ አጋሮና እያለ ሁሉንም መልክ ያዘጋጅ፤ ሁሉም ደግሞ ወደ አንዱ «አጋሮ» ይጠቁሙ። ዝርዝሩ በአሥር እጥፍ ቢያድግም ለፓይተን ምንም አይደለም። በደሌም በደሌ እንደሆነች ትቀራለች፤ «ከበደሌ»ም ትታወቃለች።

ሁለተኛው ደንብ ረጅሙን አስቀድሞ መፈለግ ነው። «ጅማ ዩኒቨርሲቲ» ከ«ጅማ» በፊት መፈተሽ አለበት፤ አለዚያ ድርጅቱ ከተማ ሆኖ ይቆጠራል። አባ ጅፋርን ተመልከቱ። ብቻውን ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ንጉሡ ነው። «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት» ግን ጅሬን ላይ ያለ ቦታ ነው። «ጅማ አባ ጅፋር» ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የእግር ኳስ ክለብ ነው። ሦስቱን በርዝመት ቅደም ተከተል ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባችሁ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። «ኢትዮጵያ ቡና» ግን በዚህ አይፈታም። የስፖርት ዜና ላይ ክለብ ነው፤ የንግድ ዜና ላይ «የኢትዮጵያ ቡና በዓለም ገበያ» ሲባል የምንጠጣው ቡና ነው። የቡና ዜና ለምትሰበስቡ ይህ ስህተት ቁጥራችሁን ስለሚያዛባ ዜናዎቹን አስቀድማችሁ በዓምድ ለዩዋቸው።

አሻሚ ለሆኑ ቃላት ደግሞ አጃቢ ጠይቁ። «ጎማ» ስም የሚሆነው «ወረዳ» ሲከተለው ብቻ ይሁን። «ከፋ» ዞን የሚሆነው «ዞን» የሚለው ቃል አብሮት ሲኖር ይሁን፤ አለዚያ «በከፋ ድህነት» የሚለው ሁሉ ቦንጋ አካባቢ ይመደባል። ይህን ስታደርጉ ጥቂት እውነተኛ ስሞች ያመልጧችኋል። የተሳሳተ ከሚገባ የተወሰነ ቢያመልጥ እመርጣለሁ።

ለሰው ስም የማዕረግ ቃል ትልቅ ረዳት ነው። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ሼህ፣ ሐጂ፣ ኮሎኔል ካለ ቀጥሎ ያለው ቃል ስም ነው ማለት ይቻላል። አሕጽሮቱንም አትርሱ፤ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ፕ/ር፣ ኢ/ር። ጽሑፉን በየቃሉ ስትቆርጡ በ«/» ላይ እንዳይበጠሱ ጠብቋቸው። ከማዕረጉ በኋላ ስንት ቃል ይወሰድ የሚለው ግን ከባድ ነው። የአባት ስም አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ አይኖርም። «ሁለተኛው ቃል በ‹በ› ከጀመረ ተወው» ብትሉ «አቶ ተስፋዬ በአጋሮ» ይስተካከላል፤ በቀለ የሚባል አባት ያለው ሰው ግን የአባቱን ስም ያጣል። ስለዚህ የተለመዱ የሰው ስሞች ዝርዝርም ያስፈልጋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ስሞችን የሚያቀራርብ የውጭ አገር ኮድ ወስዳችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ። እነሱ ሰውን በመጨረሻ ስሙ ይሰበስባሉ። የኛ የመጨረሻው ስም የአባት ወይም የአያት ነው። ከበደ የሚባል አባት ያላቸው የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሰው ሆነው ይወጣሉ።

ይህ መንገድ ነፃ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥም ባትሪ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ፣ አንድ መስመር ጨምራችሁ ታርሙታላችሁ። ስፓሲ የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ መጠቀም ለሚፈልግ፣ ባዶ የአማርኛ መነሻ አለው፤ «ኢንቲቲ ሩለር» በሚባለው ክፍሉም ዝርዝራችሁን ማስገባት ትችላላችሁ። ነገር ግን ስፓሲ አማርኛን ይደግፋል ሲባል ቃል መቁረጫና የተዘወታሪ ቃላት ዝርዝር አለው ማለት ነው። ስም የሚለቅም የሠለጠነ የአማርኛ ሞዴል አብሮት አይመጣም።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ስም፣ ማዕረግ ካልቀደመው፣ አይታይም።

የትኛውንም ብትመርጡ ፊደሉን አጽዱ

ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሀይ» አንድ ስም ናቸው። ለዝርዝር ፍለጋ ሁለቱንም ወገን፣ ዝርዝሩንም ዜናውንም፣ ወደ አንድ ፊደል ቀይሯቸው። አንድ ፊደል በአንድ ፊደል ስለሚተካ የቃሉ ቦታ አይናጋም፤ ያገኛችሁትን ስም ከዋናው ጽሑፍ ላይ እንደተጻፈው መልሳችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። «ሏ» እና «ሉዋ»ን ስታመሳስሉ ግን ርዝመቱ ስለሚቀየር ቦታው ይዛባል።

ሁሉም ልዩነት በሞክሼ ፊደል አይፈታም። ጅማና ጂማ፣ ጅሬንና ጂሬን፣ ኦሮሚያና ኦሮምያ፣ መሐመድና ሙሐመድ አሉ። ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ የሚገቡ ስሞች እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ። ለቦታዎች የተለዋጭ አጻጻፍ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ለሰው ግን መሐመድንና ሙሐመድን በጭፍን አንድ አታድርጉ፤ ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

አራት ነጥብም የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዱ «።» ይጽፋል፣ አንዳንዱ ሁለት ነጥብን ደግሞ «፡፡» ያደርጋል፣ አንዳንዱ የእንግሊዝኛውን «::» ይጠቀማል። ሦስቱም ዓይን ላይ አንድ ናቸው፤ ለስክሪፕቱ ግን የተለያዩ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ «።» ቀይሩ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን በእሱ ቁረጡ። በላቲኑ ነጥብ አትቁረጡ፤ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ይበጣጠሳሉ።

ተርጉሞ መልቀም

ብዙ ሰው የሚሞክረው ስለሆነ አነሳዋለሁ እንጂ አልመክርም። የእንግሊዝኛ መሣሪያዎች ጎበዝ ናቸው። ችግሩ ስሞቹ እነሱ ጋ ሳይደርሱ መጥፋታቸው ነው። ተርጓሚው ሰላምን ወደ ትርጉሟ ሊቀይራት ይችላል፤ የጎማ ወረዳም የመኪና ጎማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የተለቀመውን የእንግሊዝኛ ስም ወደ አማርኛው ቦታ መመለስም ሌላ ሥራ ነው። አንባቢያችሁ እንግሊዝኛ የሚያነብ ከሆነና ጠቅለል ያለ ነገር ብቻ ከፈለጋችሁ ይሁን። ከዚያ ውጭ ድካም ነው።

በአማርኛ ዳታ የሠለጠነ ሞዴል

እዚህ ላይ ማሳካኔ ለተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ ምስጋና ይገባል። በ2021 እ.ኤ.አ. ማሳካኔር የተባለ ዳታ አወጡ፤ አማርኛ ከአሥሩ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአማርኛው ክፍል 2,500 ያህል ዓረፍተ ነገር አለው። ከዜና የተወሰደ ነው፤ ቃላቱም ሰው፣ ድርጅት፣ ቦታና ቀን ተብለው በሰው እጅ ተለይተዋል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሁለተኛው ማሳካኔር 20 ቋንቋ ቢይዝም አማርኛ የለበትም። ስለዚህ «አዲሱ ይሻላል» ብላችሁ እሱን እንዳታወርዱ፤ የምትፈልጉት የመጀመሪያው ነው።

ዳታው ብቻውን አይለቅምም። ቋንቋውን አስቀድሞ የሚያውቅ መነሻ ሞዴል ያስፈልጋል፤ ያንን በዳታው ታሠለጥኑታላችሁ። እዚህ ምርጫው ወሳኝ ነው። ብዙ የኢንተርኔት ትምህርቶች «መልቲሊንጓል በርት»ን ይጠቀማሉ። ያ ሞዴል ከተማራቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም፤ ፊደላችንንም አያውቅም። ቃሎቹን ሁሉ «የማይታወቅ» ብሎ ነው የሚያነባቸው። ስክሪፕቱ ምንም ሳያጉረመርም ሠርቶ ባዶ ውጤት ሲሰጣችሁ ጥፋቱ ከኮዳችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። በእሱ ፋንታ «ኤክስኤልኤም-ሮበርታ»ን ውሰዱ። 100 ቋንቋ ተምሯል፤ አማርኛም አፋን ኦሮሞም አሉበት። ከእሱ የተወለደው «አፍሮ ኤክስኤልኤም-አር» ደግሞ በ17 የአፍሪካ ቋንቋዎች ተጨማሪ ሥልጠና ያገኘ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎቻችን እዚያም አሉ። እኔ ብሆን በእሱ እጀምራለሁ።

ዋጋው ምንድን ነው? የኤክስኤልኤም-ሮበርታ መካከለኛው ሞዴል ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ትልቁ ደግሞ የዚያ እጥፍ ገደማ። በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ በዋይፋይ ያውርደውና ፍላሽ ላይ ያስቀምጠው። ለማሠልጠን ጎግል ኮላብ የተባለው በኢንተርኔት ኮድ ማሠሪያ የሚሰጠው ነፃ ጂፒዩ (ሥልጠናን የሚያፈጥን ፕሮሰሰር) ይበቃል፤ ዳታው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይቆይም። ከሠለጠነ በኋላ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል፣ ዝግ ይላል እንጂ። በሺህ የሚቆጠር ዜና ካላችሁ ሌሊት አሠሩት።

ሦስት ነገር ልብ አድርጉ። አንደኛ፣ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚያነበው እስከ 512 ቁራጭ ነው፤ ቁራጭ ማለት ሙሉ ቃል አይደለም። ረጅም ዜና እንዳለ ብትሰጡት ሊቆርጠውና የዜናው ግማሽ ሊቀር ይችላል። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ስጡት። ሁለተኛ፣ ዳታው ላይ ምልክቱ የተደረገው በክፍት ቦታ በተለየው ሙሉ ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ «በአጋሮ» ብሎ ነው የሚመልስላችሁ። ቀደም ብላችሁ ያባዛችሁት ዝርዝር እዚህ እንደገና ይጠቅማል፤ «በአጋሮ»ን ወደ «አጋሮ» የሚመልሰው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ዳታው የመጣው እንደ ቢቢሲና ዶይቸ ቬለ ካሉ ዓለም አቀፍ ማሰራጫዎች ነው። ዴዶ፣ ሰኮሩ፣ ሰቃ ጨቆርሳና ሊሙ ኮሳ እዚያ ዋና ርዕስ አይደሉም። ሞዴሉ ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ተነስቶ ሊያገኛቸው ይችላል፣ ላያገኛቸውም ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ የራሳችሁ 200 ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ጥንካሬው አይቶ የማያውቀውን ስም መለየቱ ነው። «ተስፋዬ» ማዕረግ ሳይቀድመው ቢመጣ እንኳ ዙሪያውን አይቶ ሰው መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። ዝርዝር ይህን አይችልም። ሥራው ለንግድ ከሆነ የዳታውንና የሞዴሉን ፈቃድ ሳታነቡ አትጀምሩ።

ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን መጠየቅ

ከሁሉም ለመጀመር ቀላሉ ይህ ነው። «ከዚህ ዜና የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን አውጣ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ይመልሳል። ጎማ ወረዳን ከመኪና ጎማ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይቸገርም። ቅጥያውንም ነቅሎ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው እሱን አይጠቀምም? ክፍያው የሚሰላው ጽሑፉ በሚቆረጥባቸው ቁራጮች ነው፤ የአማርኛ ቃል ደግሞ ከእንግሊዝኛው በላይ ይቆራረጣል። ተመሳሳይ ዜና በአማርኛ ይወደዳል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ብቻ በሩን ይዘጋዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ያልታተመ ዜና ወይም የሰው ምስጢር ያለበት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ድርጅት ኮምፒውተር መላኩ በራሱ ሊታሰብበት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ስም መፍጠሩ ነው። ዜናው «አቶ ተስፋዬ» ብቻ ብሎ ሳለ የአባት ስም ሊጨምርለት ይችላል። አጻጻፉንም «አርሞ» ሊመልስ ይችላል። መከላከያው ቀላል ስለሆነ በፍጹም እንዳትዘሉት፦ የመለሰው እያንዳንዱ ስም ዜናው ውስጥ ፊደል በፊደል መኖሩን ስክሪፕታችሁ ይፈትሽ። የሌለውን ለይቶ ያስቀምጥ። ሁለት መስመር ኮድ ነው።

እንዴት እንፈትን

ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በየመንገዱ አሳልፉና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከለቀማቸው ውስጥ ስንቱ ልክ ነው? መለቀም ከነበረባቸው ውስጥ ስንቱን አገኘ? ሁለቱን አትደባልቁ። ዝርዝርና ደንብ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ይበልጣል፣ በሁለተኛው ይደክማል። ውጤቱንም ለሰው፣ ለቦታ፣ ለድርጅትና ለቀን ለየብቻ አውጡት። አጠቃላይ ቁጥር ብቻ ካያችሁ፣ በቀን ላይ ጎበዝ የሆነ ስክሪፕት በድርጅት ላይ ያለውን ድክመት ይሸፍንባችኋል።

200ዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ከተለያየ ዓምድ ውሰዱ። ስፖርትም፣ ቡናም፣ አስተዳደርም፣ ጤናም ይግባበት። ሁለት ሰው ለየብቻ ምልክት ቢያደርግ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ «ጅማ ዞን አስተዳደር» ቦታ ነው ወይስ ድርጅት የሚለው ላይ ያልተስማማችሁትን ኮምፒውተሩም አይስማማላችሁም። መጀመሪያ እናንተ ወስኑና በጽሑፍ አስቀምጡት።

እንግዲህ ለማን የቱ?

50 ዜና ብቻ ላለው ሰው፦ በእጅ ይልቀመው። ስክሪፕት የሚጻፍበት ጊዜ ይበልጣል።

የወረዳና የኅብረት ሥራ ዩኒየን ስም ለሚከታተል ቢሮ፦ ዝርዝርና ደንብ። የምትፈልጉት ስም አስቀድሞ የታወቀ ነው። የጅማ ዞን ወረዳዎች ዝርዝር አጭር ነው፤ ቀበሌዎችን ብትጨምሩ እንኳ በአንድ የኤክሴል ፋይል ያልቃል። ለዚህ ሥራ ሞዴል ማሠልጠን ወጪ ብቻ ነው።

በየቀኑ አዲስ ሰው የሚጠቀስበት ዜና ለሚያደራጅ ጋዜጠኛ፦ የሠለጠነ ሞዴል፣ ከአካባቢ ስሞች ዝርዝር ጋር ተዳምሮ። ቀኖቹን ለደንብ ተዉለት፤ የወር ስም፣ ቁጥር፣ «ቀን»፣ ከዚያ ዓመቱ ከ«ዓ.ም.» ወይም ከ«እ.ኤ.አ.» ጋር ተከታትለው ሲመጡ ደንብ ብዙም አይሳሳትም፤ መስከረም የምትባል ሴትም ቁጥር ካልተከተላት ወር አትሆንም።

ለመመረቂያ ጽሑፍ፦ አፍሮ ኤክስኤልኤም-አርን በማሳካኔር አሠልጥነህ፣ ወይም አሠልጥነሽ፣ ከራስህ የጅማ ዜና ፈተና ጋር አወዳድር። የትልልቆቹን ሞዴሎች መልስ እንደ መጀመሪያ ረቂቅ ተጠቅሞ አዲስ ዳታ ላይ ምልክት ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን እያንዳንዱን በሰው ዓይን ሳታርሙ ለሥልጠና አታስገቡት። የፈተናውን ፋይል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅ ብቻ ሥሩት፤ ሞዴል ያዘጋጀው ፈተና የዚያኑ ሞዴል ስህተት እንደ ልክ ይቆጥራል።

ሁለት መንገድ አብራችሁ ስትጠቀሙ ስክሪፕቱ ሦስት ፋይል ያውጣ፦ ሁለቱም የተስማሙበትን፣ ዝርዝሩ ብቻ ያገኘውንና ሞዴሉ ብቻ ያገኘውን። የመጀመሪያውን በናሙና ብቻ እያያችሁ እለፉት። ሦስተኛውን በየሳምንቱ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ትክክለኛ የሆኑትን አዳዲስ ስሞች ወደ ዝርዝሩ ጨምሯቸው።